የድሮ ጭነት መኪና ተንሸራታች መስኮት አልከፈት ሲል

አዳማ ላይ የቆየ መኪና ያለው ሰው ይህን ችግር ያውቀዋል። መስኮቱ መጀመሪያ ይከብዳል፣ ቀጥሎ ግማሽ መንገድ ላይ መቆም ይጀምራል፣ በመጨረሻ ጭራሽ አልነቃነቅ ይላል። ከዚያ በኋላ በቀትር ወደ መተሐራ የሚወርደው ሾፌር ጋቢናው ውስጥ ይቀቀላል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ግማሽ ተከፍቶ የቀረው መስኮት ዝናቡን መቀመጫው ላይ ያወርደዋል። ብዙ ሰው የሚሞክረው ሁለት ነገር ነው፤ ወይ በቡጢ ይመታዋል፣ ወይ የተቃጠለ ዘይት ያፈስበታል። ሁለቱም ነገሩን ያባብሱታል። መስታወቱን ቆልፎ የያዘው ታች ሐዲዱ ውስጥ የተኛ ቆሻሻና ዝገት ነው። ሥራውም ያለው እዚያ ነው።

ይህ መመሪያ ወደ ጎን ለሚንሸራተት መስኮት የተጻፈ ነው። የድሮ ላንድሮቨር ፒካፕ በር ላይ ያለው፣ በአይሱዙ ሻሲ ላይ በተሠራ ቅጥቅጥ ጎን የተደረደረው፣ አንዳንድ ፒካፖች ከጋቢናው ጀርባ ያላቸው ትንሽ መስታወት፣ ሁሉም በዚህ ይገባሉ። በእጀታ እየተዘወረ በሩ ውስጥ የሚወርደው መስኮት ሌላ ሥራ ነው፤ እሱ ውስጥ አልገባም።

ለምን ይጣበቃል?

አዳማ ነፋሻማ ናት። በዳርቻዋ የቆሙት ሁለቱ የንፋስ ኃይል ማመንጫዎች፣ የ51 እና የ153 ሜጋ ዋቱ፣ እዚህ የተተከሉት በዚሁ ምክንያት ነው። ይህ ንፋስ የሚያነሣው አቧራ ተራ አፈር ብቻ አይደለም። አካባቢው የእሳተ ገሞራ ምድር ስለሆነ አመድና ፑሚስ (ቀላልና ቀዳዳ የበዛበት ድንጋይ) ተቀላቅሎበታል። ለብሎኬት ማምረቻ ፑሚስ የሚያመላልስ ሾፌር ዱቄቱን በጣቱ ሲያሸው እንዴት እንደሚቆረቁር ያውቃል። ፑሚስ ሲፈጠርም የእሳተ ገሞራ ብርጭቆ ነው። ይህ ዱቄት ሐዲዱ ውስጥ ተኝቶ መስታወቱ ሲመላለስበት መስታወቱን ይጭራል፣ ሐዲዱ ውስጥ የተለጠፈውን ሱፍ መሰል ሽፋንም ይበላዋል።

ሁለተኛው ጠላት ውሃ ነው። በዝናብም በእጥበትም በመስታወቱ ፊት የሚወርደው ውሃ መጨረሻው የታችኛው ሐዲድ ነው። ሐዲዱ ሲሠራ ለዚህ ተብለው ትንንሽ ማፍሰሻ ቀዳዳዎች ተበጅተውለታል። ቀዳዳዎቹ በአቧራ ሲደፈኑ ውሃው መውጫ ያጣል፣ ሱፉም ይመጠውና ለቀናት እርጥብ ሆኖ ይቆያል። ሐዲዱ ብረት ከሆነ ከሥር መዛግ ይጀምራል። ዝገት ከተነሣበት ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ሐዲዱ ወደ ውስጥ ያብጥና መስታወቱን ከሁለት ጎን ይጨብጠዋል። ላንድሮቨር ላይ ይህ በጣም የተለመደ ነው። መኪናው ከ1948 ጀምሮ አካሉ አሉሚኒየም ስለሆነ ብዙ ባለቤት «አይዝግም» ብሎ ያምናል። የመስኮቱ ፍሬምና ሐዲድ ግን ብረት ነው። ከ1971 እስከ 1985 የተመረተው ሲሪየስ 3 የሚባለው ሞዴል እንኳ ዛሬ ትንሹ 40 ዓመት አልፎታል።

ሦስተኛው እኛው የምንጨምረው ነው፤ ግራሶ፣ የሞተር ዘይት፣ ናፍታ። የተቀባ ዕለት መስኮቱ በእርግጥ ይንሸራተታል። በሳምንቱ ግን ዘይቱ የአዳማን አቧራ ሰብስቦ ጥቁር ሊጥ ይሆናል፣ ሊጡም ይደርቃል። ናፍታና ዘይት ጎማውንም ያሳብጡታል፤ ያበጠ ጎማ ደግሞ መስታወት መያዝ ነው የሚያውቀው። ተንሸራታች መስኮት ላይ ዘይት የሚባል ነገር አይግባ። ስለዚህ ሥራ አንድ ነገር ብቻ ተናገር ብባል የምናገረው ይህን ነው።

መጀመሪያ ምን እንደያዘው እወቁ

ፍሬም ከመንካታችሁ በፊት የስልካችሁን መብራት አብርታችሁ የታችኛውን ሐዲድ ከዳር እስከ ዳር እዩት። ደረቅ አቧራ ብቻ ከሆነ ቀላል ነው፤ በአንድ ከሰዓት ያልቃል። ጥቁርና የሚያጣብቅ ከሆነ ዘይት ገብቶበታል ማለት ነው። ቡናማ ቅርፊት ካያችሁ፣ ወይም የሐዲዱ ከንፈር መስታወቱ ላይ ተጠግቶ ሱፉ ጭራሽ የማይታይ ከሆነ ዝገት ነው፤ መፍታት ሊያስፈልግ ይችላል።

ቀጥሎ ሁለት መዳፋችሁን መስታወቱ ላይ ዝቅ አድርጋችሁ፣ ከታችኛው ሐዲድ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብላችሁ፣ በቀስታ ወደ ጎን ግፉት። ከላይ ትንሽ ተነቃንቆ ከታች የሚቆም ከሆነ ችግሩ የታችኛው ሐዲድ ነው፤ ብዙውን ጊዜም እንዲያ ነው። ከታች ተነቃንቆ ከላይ ከያዘ ፍሬሙ ተጣሟል ወይም የላይኛው ሐዲድ ተጎድቷል። ምንም ካልተነቃነቀ አትታገሉት። መቆለፊያው በትክክል መከፈቱን ግን ሳታረጋግጡ አትለፉ። መስታወቱ ሳይሆን መቆለፊያው ውስጥ የተሰበረች ምላስ የያዘችው መስኮት ብዙ ናት።

ቅጥቅጥ ላይ ሌላም ምርመራ አለ። ፖርቶ መጋላው ላይ ዘወትር የሚጫንበትና ኮረኮንች መንገድ የሚመላለስ መኪና አካሉ ይጣመማል፤ አካሉ ሲጣመም የመስኮቱ ፍሬም ካሬነቱን ያጣል። በሜትር ከላይኛው ግራ ጥግ እስከ ታችኛው ቀኝ ጥግ ለኩ፣ ከዚያ በተቃራኒው ለኩ። ሁለቱ ልኬቶች እኩል ወይም ተቀራራቢ መሆን አለባቸው። ልዩነቱ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ ምንም ያህል ብታጸዱት መስኮቱ ተመልሶ ይይዛል።

ዕቃ

ለቀላሉ ሥራ ቡሩሽ (የጥርስም ይሁን የቀለም)፣ ያገለገለ የባንክ ካርድ፣ ለብ ያለ ውሃ፣ ፈሳሽ ሳሙና፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ክርና ሲሊኮን ስፕሬይ ይበቃል። መፍታት ካስፈለገ ካቻቢቴ፣ ቁልፍ፣ ፒንሳ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ ካርታቢትሮ (የብርጭቆ ወረቀት)፣ ሴጌቶ (የብረት መጋዝ)፣ ትራፓኖ (መሰርሰሪያ)፣ አንቲረስት ቀለምና ማስቲሽ ጨምሩ። ወፍራም ጓንትና የዓይን መከላከያ አይቅር፤ ዝገት ስትፍቁም አፍንጫችሁን ሸፍኑ።

የመስታወቱን ዓይነት ቀድማችሁ እወቁ። ጥጉ ላይ የፋብሪካ ጽሑፍ ካለበት አብዛኛውን ጊዜ ቴምፐርድ (በሙቀት የጠነከረ መስታወት) ነው። ፊቱ ላይ ጠንካራ ቢሆንም ጠርዙ ወይም ጥጉ በብረት ከተነካ በአንዴ እንደ ቆሎ ይበተናል። ስለዚህ ካቻቢቴ በመስታወቱ ጠርዝና በሐዲዱ መካከል አስገብታችሁ አትፈልቅቁ። ጽሑፍ ከሌለው ምናልባት ድሮ ተሰብሮ በተራ የቤት መስታወት የተተካ ነው። እሱ ሲሰበር ረጃጅም ስለት ስለሚሆን ይበልጥ ያስፈራል። ይህ ከሆነ ከመጀመራችሁ በፊት መስታወቱን በሁለቱም ፊት በሰፊ ፕላስተር በመስቀለኛ ለጥፉበት።

ደረቅ ጽዳት ይቅደም

ውሃ አታፍስሱ፤ ገና ነው። ደረቅ ፑሚስና አመድ ላይ ውሃ ስታፈሱ ዱቄቱ ጭቃ ሆኖ ወደማትደርሱበት ጥግ ይገባል፣ እዚያም ይጠነክራል። መጀመሪያ በቡሩሽ አራግፉ። የባንክ ካርዱን ጥግ በሰያፍ ቆርጣችሁ ሹል አድርጉትና በሐዲዱ ውስጥ እየጎተታችሁ ቆሻሻውን አውጡ። ፕላስቲክ መስታወት አይጭርም። ከዚያ ጎሚስታ ጋ ጎራ ብላችሁ በኮምፕሬሰር ንፋስ አስመቱት። ንፋሱ ከጋቢናው ውስጥ ወደ ውጭ እንዲሆን አድርጉ፣ የቱቦው አፍም ሐዲዱ ላይ በሰያፍ ይያዝ፤ ፊት ለፊት ከተመታ አቧራውን መልሶ ይጠቀጥቀዋል።

አሁን የማፍሰሻ ቀዳዳዎቹን ፈልጉ። በሐዲዱ ወለል ላይ ናቸው፣ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሁለቱ ጫፎች አካባቢ። ከውጭ በኩል ፍሬሙ ሥር ጎንበስ ብላችሁ ብታዩ መውጫቸው ይታያል። በቀጭን ሽቦ ክፈቷቸው። መኪናው ድጋሚ ቀለም የተቀባ ከሆነ ቀለሙ ደፍኗቸው ሊሆን ይችላል፤ እንዲያ ከሆነ በትራፓኖ በ5 ሚሊ ፑንታ ክፈቱ፣ ግን መስታወቱ ከቦታው ከወጣ በኋላ ብቻ።

እርጥቡ ሥራና ማስለቀቅ

ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ጨምሩና በትንሽ ዕቃ ቀስ እያላችሁ በመስታወቱና በሱፉ መካከል አንጠባጥቡ። የፈላ ውሃ አይሁን፤ ጧት በቀዘቀዘ መስታወት ላይ የፈላ ውሃ ማፍሰስ ተራ መስታወትን ይሰነጥቃል። ሩብ ሰዓት ጠብቁ፣ ድገሙ። ዘይት የነበረበት ሐዲድ ይህን ደጋግሞ ይፈልጋል፤ የሚወጣው ውሃ ጥቁርነቱን እስኪተው ቀጥሉ። ዘይቱን በቤንዚን ላጥበው የሚል አለ። ጎማና ሱፍ የተለጠፈበትን ማስቲሽ ይለቀዋል፣ ለእሳትም አደገኛ ነው፤ ተውት።

አሁን ናይለን ክሩ ይመጣል። ከቆቃ ዓሣ የሚያወጡ ሰዎች የሚጠቀሙበት ዓይነት ጠንካራ ክር ክንድ ያህል ቁረጡ። አንዱን ጫፍ ከመስታወቱ ጠርዝ ጥግ አስገቡና በባንክ ካርዱ እየገፋችሁ በመስታወቱና በሱፉ መካከል አሳልፉት። ሁለቱን ጫፎች በየእጃችሁ ጠቅልላችሁ በሳሙናው ውሃ እያረጠባችሁ ወዲህና ወዲያ ጎትቱ። ሥራው ዝግ ያለ ነው። ክሩ መጀመሪያ ይይዛል፣ ከዚያ ደረቁን ቅርፊት ሲቆርጥ ትንሽ ሲንሸራተት እጃችሁ ላይ ይሰማችኋል፣ ቡናማ ውሃም በሐዲዱ ከንፈር ይወጣል። አንድ መዳፍ ያህል ከሄዳችሁ በኋላ ክሩን አውጥታችሁ ጥረጉትና ቀጥሉ። የታችኛውን ሐዲድ በመስታወቱ የውስጥ ፊት በኩልም በውጭ ፊት በኩልም እንዲሁ አድርጉት፤ ብዙ ሰው ከውስጥ ብቻ አድርጎ «አልሠራም» ይላል።

ከዚህ በኋላ መግፋት ነው። ሁለት ሰው ቢሆን ይሻላል፤ ሾፌሩ ከውስጥ፣ ረዳቱ ከውጭ፣ መዳፋቸውን ዝቅ አድርገው አንድ ላይ። መጀመሪያ ሊሄድ ከሚገባው አቅጣጫ በተቃራኒ ትንሽ ግፉት፣ ከዚያ ወደሚፈለገው፤ ወዲህና ወዲያ። አንድ ሚሊ ከተንቀሳቀሰ ቆም ብላችሁ ውሃ ጨምሩ፣ ድገሙ። ያንን አንድ ሚሊ ያገኘ ሰው ቸኩሎ በኃይል ሲገፋ ነው መስታወት የሚሰብረው። መስታወት ቤቶች የሚጠቀሙበት በአየር የሚጣበቅ መያዣ ካገኛችሁ ጥሩ መጎተቻ ይሆናል። መዶሻ፣ የጎማም ቢሆን፣ አይጠጋ።

መስታወቱ ከተለቀቀ በኋላ እስከ ጫፍ አንሸራቱትና ተሸፍኖ የኖረውን የሐዲዱን ክፍል በደንብ አጽዱ። ከዚያ በሌላኛው ጫፍ ድገሙ። በንጹሕ ውሃ አለቅልቁና ሁለቱንም በር ከፍታችሁ በፀሐይ ይድረቅ። አዳማ ላይ በበጋ ይህ ረጅም ሰዓት አይፈልግም፤ ሱፉ ግን ከውስጥ እርጥበት ይይዛልና እስከ ማግሥቱ ብትተዉት ይመረጣል።

ዝገቱ ከያዘው፦ መፍታት

ላንድሮቨር ላይ ደስ የሚለው መስኮቱን የያዘው የበሩ የላይኛው ክፍል ለብቻው የሚነቀል መሆኑ ነው። ከታችኛው በር ጋር የሚያያይዙት ሁለት ዳዶዎች ከውስጥ በኩል ይገኛሉ። ከአንድ ቀን በፊት ዝገት ማላቀቂያ ንፉባቸው። አልፈታ ካሉ በሴጌቶ መቁረጥ በእሳት ከማሞቅ ይሻላል። እሳቱ ለመስታወቱ ቅርብ ነው፣ የአሉሚኒየሙን ላሜራም ያበላሸዋል። ክፍሉ ከወጣ በኋላ ብርድ ልብስ በተነጠፈበት ጠረጴዛ ላይ አጋድሙት።

ሐዲዱን ከፍሬሙ ጋር የያዙትን ቪቴዎች ፍቱ። ብዙዎቹ ጭንቅላታቸው ይበላል፤ በዚያን ጊዜ ጭንቅላቱን በትራፓኖ አንሱትና ቀሪውን በኋላ በፒንሳ አውጡ። እያንዳንዱን ቪቴና ሐዲድ ከየት እንደወጣ በስልክ ፎቶ አንሡ፤ የላይኛውና የታችኛው ሐዲድ ተመሳስለው ጥልቀታቸው ግን ሊለያይ ይችላል። ሐዲዱ መስታወቱን አልለቅ ካለ ከነመስታወቱ አውጡት፣ ከዚያ የሐዲዱን ከንፈር በፒንሳ በጥቂት በጥቂቱ ወደ ውጭ እያጠፋችሁ ክፈቱት። ሐዲዱ ይጥፋ፣ መስታወቱ ይትረፍ። ለሲሪየስ ላንድሮቨር የሚሆን መስታወት ማግኘት ሐዲድ ከማሠራት ይከብዳል።

ፍሬሙን በሽቦ ብሩሽና በካርታቢትሮ ብረቱ እስኪያበራ ፈግፍጉ። የተበላና የተበሳ ካለ ባትላሜራ (የመኪና አካል ሠራተኛ) ይበይደው፤ በስቱኮ መሸፈን ከአንድ ክረምት አያልፍም። አንቲረስት ሁለት ጊዜ ቀቡ፣ አንዱ ሳይደርቅ ሌላውን አትደርቡ። ቀለሙ በተለይ የፍሬሙ ወለልና የቪቴ ቀዳዳዎቹ ውስጥ ይድረስ።

አዲስ ሐዲድ

ኦሪጅናሉን ማግኘት ካልተቻለ የቤት መስኮትና በር የሚሠሩ አሉሚኒየም ቤቶች ዩ ቅርጽ ያለው ቁራጭ አላቸው። ልኩ ላይ አትቸኩሉ። የመስታወቱን ውፍረት በካሊፐር ለኩ፣ የሱፉንም። መስታወቱ 5 ሚሊ፣ ሱፉ በየጎኑ 2 ሚሊ ከሆነ ድምሩ 9 ነው፤ የውስጥ ስፋቱ 10 ሚሊ የሆነ ፈልጉ። 9 ከሆነ ነገ ተመልሶ ይይዛል፤ 12 ከሆነ ኮረኮንች ላይ ሲንጫጫ ይውላል። ቁመቱንም አስቡ፤ መስታወቱ በሁለቱ ሐዲዶች ወለል መካከል 3 ሚሊ ያህል መላወሻ ያስፈልገዋል።

አሉሚኒየም ብረት ላይ በቀጥታ ከተቀመጠና እርጥበት ካገኛቸው አሉሚኒየሙ ቶሎ ይበላል። ስለዚህ በመካከላቸው የቀለም ሽፋን ወይም ስስ ጎማ ይኑር። ማፍሰሻ ቀዳዳ ከመትከላችሁ በፊት ብሱ፤ በሁለቱ ጫፎችና በመሃል፣ 5 ሚሊ፣ ከፍሬሙ ቀዳዳ ጋር የሚገጥም። የቀዳዳውን ሹል ጠርዝ በሊማ አለስልሱ።

ሱፉን በማስቲሽ ስትለጥፉ ሐዲዱ ላይም ሱፉ ላይም በስሱ ቀቡና እጅ ላይ መጣበቁን ሲቀንስ አጋጥሙ። ቀዳዳዎቹ ላይ የሚያልፈውን ሱፍ በምላጭ ክፈቱት። ይህች ትንሽ ነገር ተረስታ ሙሉ ሥራ ሲበላሽ ይታያል፤ ቀዳዳው አለ፣ ሱፉ ግን ደፍኖታል። ሲደርቅ መስታወቱንና ሐዲዶቹን አንድ ላይ አገጣጥማችሁ ወደ ፍሬሙ አስገቡ። ቪቴዎቹን መጀመሪያ ላላ አድርጋችሁ እሰሩ፣ መስታወቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ አመላልሱት፣ ከዚያ ከመሃል ወደ ዳር እያላችሁ አጥብቁ። ሲጠብቅ የሚከብድ ቦታ ካለ እዚያ ያለውን ቪቴ ሩብ ዙር መልሱት።

የቅጥቅጡ ፍሬም ተጣሞ ከሆነ ዙሪያውን ያሉትን ማሰሪያዎች አላሉ፣ የረዘመው ሰያፍ እንዲያጥር በእንጨት ተደግፋችሁ ግፉት፣ ሰያፎቹ እኩል ሲሆኑ ክፍተት በቀረበት በኩል ስስ ፕላስቲክ አስገብታችሁ እሰሩ። በየጊዜው ከተመለሰ ጥፋቱ የመስኮቱ አይደለም፤ የአካሉ ብየዳ ተከፍቷል ማለት ነውና ለባትላሜራው አሳዩት።

ማለስለሻና ጥበቃ

ሲሊኮን ስፕሬዩን በቀጥታ መስታወቱ ላይ አትንፉ፤ ጨርቅ ላይ ነፍታችሁ ሱፉንና ጎማውን አብሱ። መስታወት ላይ ከተረጨ ማታ የፊት ለፊት መብራት ሲመታው ያንጸባርቃል። ሲሊኮን ካልተገኘ የታችኛውን ሐዲድ ወለል ነጭ ሻማ አሹት፤ ደረቅ ስለሆነ አቧራ አይሰበስብም። ለጎማው ታልክ ፓውደር ይሆናል። ግሊሰሪን ጎማ ሲገጠም ጥሩ ማንሸራተቻ ነው፣ ሐዲዱ ውስጥ ግን እርጥበት ስለሚስብ እዚያው አትተዉት።

አቧራው በሚበረታበት ከጥር እስከ ግንቦት በየሁለት ሳምንቱ በደረቅ ቡሩሽ አራግፉ፣ መስኮቱንም የማትፈልጉት ቢሆን በቀን አንድ ጊዜ ወዲህና ወዲያ አንሸራቱት። መኪና የሚያጥበው ልጅ የግፊት ውሃውን ሐዲዱ ውስጥ እንዳይደግን ንገሩት። ሰኔ ከመግባቱ በፊት ማፍሰሻውን ፈትሹ፦ መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ አንድ ስኒ ውሃ የታችኛው ሐዲድ ውስጥ አፍስሱ። ውሃው ከውጭ በኩል በፍሬሙ ሥር ወዲያው መንጠባጠብ አለበት። ከቆመ ቀዳዳውን በሽቦ ክፈቱና ድገሙ፤ ወደ ጋቢናው ውስጥ ከገባ ደግሞ ሐዲዱ ከሥሩ ተበስቷል፣ ዝናቡ ሳይመጣ ይፈታ።